ባለ ሦስት ፊደሏ መልስ

ተረት ተረት!

«የማን ተረት?» በሉኝ። የአንዲት እናት፣ የአንዲት ልጅና የአንድ አዋቂ ነኝ ባይ እላችኋለሁ።

ድሮ ነው፤ በጣም ድሮ። ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ ቀድሞ ሞቶባታል። ሁለት ልጆች ነበሯት። ትልቋ እንኮዬ ሰባት ዓመቷ ነው። ትንሹ ሰጠኝ ደግሞ አራት ዓመቱ።

እንኮዬ ጠያቂ ነበረች። ጠያቂ ብቻ? የጥያቄ ምንጭ በሏት እንጂ! «እማ፣ ዶሮ ውሃ ስትጠጣ ለምን ወደ ሰማይ ታያለች? እማ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጥላዬ ለምን ይረዝማል? እማ፣ አህያ ለምን ቀንድ የላትም?» እናቷ እንዝርቷን እያሾረች ትመልሳለች። የምታውቀውን ትነግራታለች፤ የማታውቀውን ትፈጥርላታለች። «ቀንድማ ቢኖራት ጌታዋን ወግታ በጫነችው ነበራ!» ትላለች። እንኮዬ ትስቃለች። ሰጠኝም ምኑም ሳይገባው አብሮ ይስቃል።

አንድ ጥቅምት ላይ ሰጠኝን ንዳድ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እንኮዬ ግን አላለቀሰችም። አፈሩ ሲመለስበት ቆማ አየችና እንዲህ አለች፦

«እማ፣ እግዜር ሰጠኝ ብለሽ አይደል ስሙን ያወጣሽለት? ከሰጠሽ ታዲያ ለምን መልሶ ወሰደው?»

ለቅሶው ቀጥ አለ። የደብሩ አለቃ ተድላ ዞረው አዩዋት። አለቃ ተድላ ድጓ የዘለቁ፣ ቅኔ የተቀኙ፣ ጢማቸው ደረታቸውን የሚጠርግ ሰው ናቸው። መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ መታ አደረጉና «ዝም በይ አንቺ!» አሉ። «በእግዜር ሥራ ለምን አይባልም! ለምን ያለ ሰው ምላሱ ይታሰራል!»

እንኮዬ ዝም አለች። ያን ቀን ዝም አለች። በማግሥቱም ዝም አለች። ኅዳር ገባ፤ ዝም። ጥር ገባ፤ ዝም። ሚያዝያ ገባ፤ ዝም። ትበላለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ለእናቷ ጥጥ ታቀብላለች፤ ቃል ግን ከአፏ አይወጣም።

መንደሩ «ምላሷ ታሰረ» አለ። አለቃ ተድላም «አላልኳችሁም?» አሉ። ትንቢቱ የያዘለት ሰው የልጅ አፍ ቢዘጋ ምን ገዶት!

ከገደሉ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ፣ አባ ዘወንጌል የሚባሉ ባሕታዊ ነበሩ። አርምሞ ይዘዋል፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር ቃል አልተለዋወጡም። የመጣውን ሁሉ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። መልስ ካላቸው በቁራጭ ብራና ጽፈው ይሰጣሉ፤ ከሌላቸው መርቀው ይሸኛሉ።

አንጓች እንኮዬን በእጇ ይዛ ገደሉን ወረደች። ከሰጠኝ ንዳድ ጀምራ እስከ አለቃ ቁጣ ድረስ ሁሉንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። በመጨረሻም «አባቴ፣ ምን ብዬ ልጸልይ?» አለች።

አባ ዘወንጌል እንኮዬን አዩዋት። ብዙ አዩዋት። ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ከዚያ ብዕራቸውን ነከሩ፤ ጻፉ። ሦስት ፊደል፤ ከዚያ ወዲያ የለም።

አንጓች ፊደል አልቆጠረችም። ማን ያንብብላት? አለቃ ተድላ ናቸዋ! በዚያ አገር ሌላ ማን አለ?

አለቃ ብራናውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት። ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ጠበቅ ባለ ድምፅ «ለምን!» ሲሉ አነበቡ። «ይኸው፣ ልመና ነው ያዘዙሽ። ለምን ብለዋል። ልመናሽ አንሷል ማለት ነው። ሂጂ ለምኚ።»

አንጓች ሄደች። ጧፍ አብርታ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተንበረከከች። «የልጄን ምላስ ፍታልኝ፣ የልጄን ምላስ ፍታልኝ» እያለች መቶ ጊዜ ለመነች። አሜን ብላ ተነሥታ ሄደች። ቤቷ ገብታ «እንኮዬ?» አለች። እንኮዬ ዝም።

ወደ አለቃ ተመለሰች። «አንሷል» አሏት። «ለምኚ።»

አንጓች ሄደች። ሰባት ቀን ጥሬ እየቆረጠመች ጾመች። በየቀኑ ከደጁ ተንበርክካ በጣቷ እየቆጠረች አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ አለች። አሜን ብላ ተነሥታ ሄደች። ቤቷ ገብታ «እንኮዬ?» አለች። እንኮዬ ዝም።

ወደ አለቃ ተመለሰች። «አሁንም አንሷል» አሏት። «ለምኚ።»

አንጓች ሄደች። ከወንዝ ትልቅ ድንጋይ ተሸክማ ወጣች። ድንጋዩን እንዳዘለች ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞረች። ትከሻዋ ተላጠ፤ ድንጋዩን አውርዳ ተንበረከከች። አሜን ብላ ተነሥታ ሄደች። ቤቷ ገብታ «እንኮዬ?» አለች።

እንኮዬ ዝም። ግን ቅቤ አመጣች። የእናቷን ትከሻ በትንሽ እጇ ቀስ አድርጋ ቀባች። ቁስሉን ስታይ ከንፈሯ ተከፈተ፤ ቃል ሊወጣ ጉሮሮዋ ደርሶ ነበር። ወዲያው በሁለት እጇ አፏን ግጥም አድርጋ ያዘች።

አንጓች አየቻት። «ይቺ ልጅ ምላሷ አልታሰረም» አለች በልቧ። «ፈርታለች። ግን ምኑን ነው የፈራችው?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከወይራው ጥላ ሥር ጸበል ጸዲቅ ይቀምሳል። አለቃ ተድላ ከመካከል ተቀምጠዋል። አንጓች እንኮዬን ይዛ ቀረበች።

«አለቃ፣ ለመንሁ።»

«ለምኚ!»

«ሦስት ጊዜ ለመንሁ እኮ።»

«አራተኛ ለምኚ! ለምኚ አልሁሽ ለምኚ!»

አንጓች አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ፈታይ ናት፤ የክር ጫፍ እጇ ከገባ አትለቅም።

«አለቃ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ ሴት ነኝ ወንድ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አንዱማ ጠላው ትን ብሎት ጀርባውን መቱት።

«ምን ያለ ነገር ነው የምትጠይቂኝ?»

«አይቆጡ፤ ይንገሩኝ ብቻ።»

«ሴት ነሽ እንጂ! ቀሚስሽን አላይም እንዴ?»

«አባ ዘወንጌልስ አላዩትም? እርስዎ እንኳ ሲያዙኝ ለምኚ ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን ተሳስተው ‹ለምን› ብለውኝ አያውቁም። ሰባት ዓመት ቃል ሲቆጥቡ የኖሩ ሰው፣ ሦስት ፊደል ቢጽፉልኝ በወንድ ይጠሩኛል?»

ብራናውን ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ዘረጋችላቸው።

«እስቲ ብራናውን ይድገሙት» አለች። «አሁን ላላ አድርገው።»

አለቃ ብራናውን ተቀበሉ። ጠበቅ አድርገው አነበቡት፤ ልመና ሆነ። ላላ አድርገው አነበቡት፤ ጥያቄ ሆነ። ያው ለ፣ ያው ም፣ ያው ን! ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ቢሆንም አዋቂ በቀላሉ አይረታም፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«ጥያቄም ቢሆን አንቺን ነው የጠየቁሽ» አሉ። «ለምን መጣሽ ማለታቸው ነው።»

«እሱንማ ነግሬያቸው ነው የጻፉት! ‹ምን ብዬ ልጸልይ› ብያቸው ነው የጻፉት! ‹ለምን› ብለሽ ጠይቂው ማለታቸው ነው። አለቃ፣ ሰምና ወርቅ ይለያሉ ይባላል። ሰምና ወርቅ የሚለይ ሰው ሴትና ወንድ መለየት እንዴት አቃተው?»

«በእግዜር ሥራ ለምን አይባልም…» አሉ አለቃ፤ ድምፃቸው ግን የቀብሩን ቀን ድምፅ አልሆነላቸውም።

«እንግዲያው እሱ ራሱ ይቆጣኝ» አለች አንጓች።

ያን ቀን ከደጁ አልቆመችም። በሴቶች በር ገባች። ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ ነው፤ ሰው ሁሉ ውጪ ነው። ዘመድ ቤት እንደመጣ እንግዳ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እንኮዬን ከጎኗ አስቀመጠች።

«ጌታዬ፣» አለች፣ «ዛሬ እጄን አልዘረጋሁም። ልጠይቅህ ነው የመጣሁ። ሰጠኝን ለምን ወሰድከው? አራት ዓመት እንኪ ብለህ ስታበቃ ለምን አምጪ አልከኝ? ሳጠባው ያጎደልሁት ነገር አለ? አለቃ እንዲህ አይባልም ይሉኛል። እኔ ግን የስቅለት ዕለት ሲነበብ ሰምቻለሁ። አንተም መስቀል ላይ ሆነህ አባትህን ለምን ተውኸኝ ብለኸዋል። አንተ ያልከውን እኔ ብል ምን አጠፋሁ?»

አሜን አላለችም። የጠየቀ ሰው መልስ ሳይሰማ ይነሣል እንዴ? ቁጭ አለች። ርግቦች ጣራው ላይ ይንጎራጎራሉ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። አንጓች ቁጭ አለች። እግሯ ደነዘዘ፤ እሷ ግን ቁጭ አለች።

«እማ።»

ድምፁ ሻክሯል፤ ስምንት ወር ያልተከፈተ በር ይመስላል። አንጓች ዞር አላለችም። ዞር ብትል የሚጠፋባት መሰላት።

«እማ፣ እሱ ለምን ሲል ማን ተቆጣው?»

«ማንም፣ የኔ አበባ። ማንም አልተቆጣውም።»

«ምላሱስ ታሰረ?»

«ኧረ አልታሰረም።»

እንኮዬ አሰበች። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦ «እኔ ሰጠኝን ለምን ወሰደው አልኩ። አለቃ ተቆጡ። ደግሜ ለምን ካልኩ እግዜር ተቆጥቶ አንቺንም ይወስድሻል ብዬ ነው። ሌላ ቃል ስጀምር ደግሞ ለምን የምትለዋ አብራ ልትወጣብኝ ትመጣለች። ስለዚህ ሁሉንም ተውኩት።»

አይ ልጅ! ስምንት ወር አፏን ዘግታ እናቷን ስትጠብቅ ኖራ!

አንጓች ጎትታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። «አይወስደኝም» አለቻት። «ስለ ጠየቅሽው አይወስደኝም። እስካሁን ከሱ ቤት ቁጭ ብዬ ስጠይቀው አላየሽም? ይኸው አለሁ።» ያን ጊዜ እንኮዬ ቀብሩ ላይ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። እናቷም አብራት አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላቸውም።

አለቃ ተድላ ከበሩ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ሰውም ከኋላቸው ቆሟል። አለቃ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ባዶ እጃቸውን ገቡ። እንኮዬ አፍንጫዋን በእናቷ ነጠላ ጠርጋ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አለቃ፣» አለች፣ «ሰጠኝ ለምን ሞተ?»

አለቃ መልስ ፈለጉ። አንድ ጥቅስ መጣላቸው፤ ልጅቷን አዩና ተዉት። ሌላ መጣላቸው፤ እናቷን አዩና ተዉት። ሦስተኛ መጣላቸው፤ እሱንም ተዉት።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ።

ለድጓ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ለቅኔ ዘጠኝ ዓመት የዞሩ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን ይህችን አንዲት ቃል ያስተማራቸው መምህር አልነበረም። ከሰባት ዓመት ልጅ ተማሯት።

«ታዲያ እርስዎም ይጠይቁታ» አለች እንኮዬ። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።

አለቃ ተድላ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ምን ብለው እንደ ጠየቁ ማንም አልሰማም። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ ግን ሰው አይቷል።

ከዚያ ወዲያ የአገሩ ልጅ ሁሉ እየመጣ ይጠይቃቸው ጀመር። ያወቁትን ይመልሳሉ፤ ያላወቁትን «አላውቅም፤ አብረን እንጠይቀው» ይላሉ። ቅጣታቸውም ይኸው ሆነ፦ አለቃ ተድላ መባሉ ቀርቶ «አለቃ አላውቅም» ተብለው ቀሩ። ከወንዝ ማዶ ሳይቀር በዚህ ስም እየጠየቀ የሚመጣ ሰው በዛ። መጀመሪያ ስሙ አንገበገባቸው፤ ኋላ ግን ሲጠሩበት «አቤት» ማለት ጀመሩ።

አንጓች ሰጠኝ ለምን እንደ ሞተ እስከ ዕለተ ሞቷ አልተነገራትም። ልመናም አልተወች፤ ዝናብ ሲዘገይ ትለምናለች፣ ልጇን ራስ ሲያማት ትለምናለች። ብቻ ለምና ከደጁ አትመለስም። ሰው የሚወደውን ዘመዱን እንደሚጠይቅ፣ ገብታ፣ ቁጭ ብላ፣ እንኮዬን ከጎኗ አድርጋ ትጠይቀዋለች። እንኮዬም አንድ ጊዜ ከጀመረች ማን ያቆማታል! ጠያቂ ያጣ ቤት የሚመስለው ያ ቤተ ክርስቲያን በሷ ጥያቄ ተሞላ።

የዚያ አገር ሰው «ለማኝ ከደጅ ይመለሳል፤ ጠያቂ ቤት ይገባል» ማለት የጀመረው ያኔ ነው ይባላል።

ተረቱ ከእኔ፤ ዳቦው ከእናንተ።