አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ካሴት

በአንድ ወቅት አንድ አባት ለዘጠኝ ዓመት ልጁ «ጸዳለ፣ አንቺ እጅ አለሽ፤ ዓይን ያላት ግን ትርሲት ናት» አላት። ይህን ሲል ክፋት አላሰበም። ካሴት እየጠራረገ ነበር፤ ተናገረና ወደ ሥራው ተመለሰ። ልጅቱ ግን ቃሉን ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ይዛው አደገች።

አባትየው አቶ ንጋቱ ይባላሉ። አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ካሴት የሚያከራዩበት ቪዲዮ ቤት ነበራቸው። ካሴት የሚያከራይ ሌላም ሰው በከተማው ነበር፤ የሳቸውን ቤት የሚለየው ሳያዩ አለማከራየታቸው ነው። አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር ቅዳሜ ከሰዓት ሦስቱን ሴት ልጆቻቸውን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው የምስሉን ጥራት ያስመረምሯቸዋል። ከዚያ በካሴቱ ጀርባ ላይ ፍርዱን በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፦ «ጥርት ያለ»፣ «ደህና» ወይም «ይታያል»።

ጎማ ጠጋኙ በዳዳ ግን ይህን ፍርድ ይግባኝ ሳይል አይውልም።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ትናንት ‹ይታያል› ብለህ የሰጠኸኝ ፊልም ላይ ሰዎቹ ሲያወሩ ሰማኋቸው እንጂ አላየኋቸውም።»

«ግን ሰማሃቸው?»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ሬዲዮ ተከራይተህ ምን ያነጫንጭሃል!»

በምርመራው ትርሲትን የሚያክል አልነበረም። የመጨረሻዋ ልጅ ናት። የተዋናይዋን ነጠላ ታይና «ቀዩ ከጥለቱ ወጥቶ ነጩ ላይ ፈሷል፤ ይሄ የኮፒ ኮፒ ነው» ትላለች። አባትየው ጠጋ ብለው ያያሉ፤ እውነቷን ነው። ውሎ አድሮ ደንበኛው ሁሉ «ትርሲት አይታዋለች?» ሳይል ካሴት የማይወስድ ሆነ። ጸዳለ በዚያ ሰዓት የካሴት ማጫወቻውን ዴክ ከፍታ ምስሉን የሚያነበውን ሄድ በጥጥና በአልኮል እየወለወለች ነው። ምስሉ ሲጠራ «ትርሲት እንዳለችው» ይባላል፤ «ጸዳለ እንደወለወለችው» ያለ ሰው ግን አልነበረም።

ጊዜው ሄደ። ትልቋ ውብዓለም አገባች። ትርሲት ተምራ አዳማ መምህርት ሆነች። ጸዳለ ስምንተኛ ክፍል ሳለች እናቷ ሞቱና ትምህርቷን አቋርጣ ሱቁ ውስጥ ቀረች። እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። ልጇን ከባንኮኒው ስር አስተኝታ ለደንበኛ ካሴት ታቀብላለች። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ትርሲት ለበዓል ስትመጣ አባትየው ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው «ዓይኔ መጣች» ይሏታል። ጸዳለ ያን ጊዜ ካሴት ለመደርደር ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የተደረደረውን አፍርሳ ነው እንደገና የምትደረድረው።

እናትየው ወይዘሮ አስካለ የመናኸሪያው ትኬት ቆራጭ ነበሩ። የከተማው መምህራን የድራማ ክበብ በቪዲዮ ካሜራ አንድ ፊልም ሲሠራ፣ ተዋናዩ መስኮታቸው ላይ ቀርቦ ትኬት የሚገዛበት ቦታ አለ። ተዋናዩ ንግግሩ ጠፋበትና አፉን ከፍቶ ቀረ። አስካለ ቀና ብለው አዩትና ሳቁ። መምህራኑ ያን ሳቅ ሊቆርጡት አንጀታቸው አልቻለም፤ ፊልሙ ውስጥ ተዉት። ከሞቱ በኋላ ከአስካለ የሚንቀሳቀስ ምስል የቀረው ያ ብቻ ነው።

አቶ ንጋቱ ያን ካሴት ለማንም አላከራዩትም። ራሳቸው ግን በየሳምንቱ ይከፍቱትና ሚስታቸው ቀና ሲሉ ያቆሙታል። ደንበኛ ካሴት መሀል ላይ አቁሞ ቢያቆይ የሚቆጡ ሰው፣ የራሳቸው ሲሆን የሚያውቁትን ረሱ። ዴክ ውስጥ የቆመ ካሴት እኮ አያርፍም። ሄዱ እየዞረ ያንኑ ቦታ ይፍቀዋል። በዓመታት ውስጥ ፊልሙ ሁሉ ጥርት እንዳለ ቀርቶ አስካለ ብቻ በነጭ ሰረዝ ተበልተው ጠፉ። ሌላ እጅ አልነካቸውም፤ ፍቀው የጨረሷቸው ባላቸው ናቸው።

ቀጥሎ የአቶ ንጋቱ ዓይን ይደክም ጀመር። ሐኪሞቹ «ነርቩ ነው፤ የሄደው አይመለስም» አሏቸው። ያን ጊዜ ልጆቻቸውን ሰብስበው የቪዲዮ ቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ አስካለን አንድ ጊዜ ጥርት አድርጋ ያሳየችኝ፣ ቤቱ የሷ ነው።»

ጸዳለ ቁልፉን አየችው። አሥራ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ የከፈተችበት ቁልፍ ነው። ጉድ ነው፣ ለእሱም ልወዳደር? አለች በሆዷ። ቀና ስትል ትርሲትም ቁልፉን እያየች ነበር።

ውብዓለም ተነሥታ ሄደች። ፊልሙን የቀረጸው መምህር ከሞተ ቆይቷል፤ እናቱ ግን ሮቤ አሉ፣ ልጃቸው የሰጣቸውን የዚያኑ ፊልም ካሴት አንድም ቀን ሳያጫውቱት ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል ሲባል ሰማች። ባሏንና ልጆቿን ትታ አውቶቡስ ተሳፈረች። አሮጊቷ «የልጄን ሥራ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም» አሉ። ውብዓለም አልተመለሰችም። አሥራ አንድ ቀን እዚያው ተቀምጣ ፀጉራቸውን አጠበች፣ እግራቸውን አሸች፣ ስለ ልጃቸው ሲያወሩ አብራ አለቀሰች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሳጥኑ ተከፈተ።

«መልሺልኝ» አሏት።

«እመልሳለሁ፣ እማማ። ልጆቼን!»

ይህን መሐላዋን ለእህቶቿ አልተናገረችም። ቢሰሙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብላ ነው። ካሴቱን ይዛ ስትገባ አባትየው «ጀግናዬ!» እያሉ ጉንጯን ሳሙት። ጸዳለ ካሴቱን ተቀብላ ገለበጠችው። ከሮቤ እርጥበት የተነሣ ሻጋታ በልቶት ነበር። ይሄ ነው ጀግንነቱ? አለች፤ ለራሷ ብቻ።

ጸዳለ ደግሞ ወደ ሥራዋ ገባች። አምስቱን ብሎን ፈትታ የካሴቱን ክር አወጣች። ነጭ ዱቄት የመሰለው ሻጋታ ከጥቁሩ ክር ላይ ተጋግሯል። በስስ ደረቅ ጨርቅ ስንዝር በስንዝር እየጠረገች፣ በጣቷ እየጠቀለለች፣ ትንፋሿ እንዳያረጥበው አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና ዘጠኝ ቀን ተቀመጠች። ልጇ ሲያለቅስ በአንድ እጇ አቅፋ እያጠባች በሌላው ክሩን ትይዛለች። በዘጠነኛው ቀን ክሩን በአዲስ ካሴት ቤት ውስጥ ገጠመችው። በነዚያ ቀናት ውስጥ አባትየው አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ አሉ፤ «ትርሲት መቼ ነው የምትመጣው?» ሊሏት።

ጸዳለ በጣቷ ያወቀችው አንድ ነገር ነበር። ውብዓለምን ጠርታ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ክሩ ደርቋል። አንድ ጊዜ ቢሄድልን ነው። ሲሄድ በሁለተኛው ዴክ ሌላ ካሴት ላይ እቀዳዋለሁ። መሀል ላይ ካቆምነው ግን ይበጠሳል።»

ውብዓለም ይህን ስትሰማ መሐላዋ ትዝ ብሏት ፊቷ ተለዋወጠ።

«ለትርሲት ነግረሻታል?» አለች።

«እነግራታለሁ።»

አልነገረቻትም። ትርሲት እሑድ ረፋድ ላይ ገባች፤ አባትየው ፊቷን ዳብሰው «ዓይኔ!» አሉ፤ ከራሳቸው አጠገብ፣ ከዴኩ ፊት ለፊት አስቀመጧት። ጸዳለ ነገሩ ሁለት ጊዜ አፏ ድረስ መጥቶ ዋጠችው። ዓይን ያላት እሷ አይደለች? ትየዋ! አለች በሆዷ።

ከሰዓት ካሴቱ ገባ። ሁለተኛው ዴክም መቅዳት ጀመረ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ላይ «እሰይ!» አለ፤ የመናኸሪያው ጠጠር ሳይቀር አንድ በአንድ ይቆጠራል። አቶ ንጋቱ ግን ከቴሌቪዥኑ መስታወት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጠው ፊታቸው ጠቆረ።

«ነጭ ነው፤ እኔ ነጭ ብቻ ነው የሚታየኝ» አሉ።

ይኼኔ ትርሲት ፊልሙን ትታ የአባቷን ዓይን ማየት ጀመረች። ብርሃን ሲበዛ ዓይናቸው ይሸሻል፤ ጥቁር ነገር ሲያልፍ ይከተላል። ብድግ ብላ የቴሌቪዥኑን ቀለም ጨርሳ አጠፋችው። ብርሃኑንም አወረደች፣ ጥቁሩን አጠቆረች።

«ምን ሆነሻል አንቺ!» ጮኸች ውብዓለም። «አበላሸሽው እኮ! ከሰል አደረግሽው!»

«አባባ፣ አሁንስ?»

«ቆይ… ቆይ እስቲ። መስኮት ነው። መስኮቱ ውስጥ ሰው አለ።»

ለሌላው ሁሉ ምስሉ ጥላሸት ሆኖ ነበር። ጥላሸቱ ውስጥ አስካለ ቀና አሉ።

«እሷ ናት! አስካለ ናት! ኧረ አትሂድብኝ፣ ያዙልኝ!»

የትርሲት ጣት ወደ ዴኩ ሄደ። ጸዳለ ጣቱ ሲሄድ አይታለች። «ተይ!» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበራት ወይስ አልነበራትም? እሷ ራሷ ዛሬም አታውቀውም። ትርሲት አቆመችው።

አቶ ንጋቱ መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። «ቅንድቧ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አለች» አሉ፤ እንባቸው ወረደ። ጥቂት እንዲህ ቆዩ። ድንገት ከዴኩ ሆድ የሚቀረጭጭ ድምፅ ተሰማና ምስሉ ሰማያዊ ሆነ።

ክሩ ተበጥሶ፣ ሳቁ ያለበት ቦታ ተጨማዶ ሄዱ ላይ ተጠምጥሟል። ሁለተኛው ዴክ የቀዳው አስካለ ቀና እስካሉበት ድረስ ነው። አባትየው የሚስታቸውን ፊት አዩ። የአስካለን ሳቅ ግን እሳቸውም ሆኑ ልጆቻቸው ከእንግዲህ አያዩትም።

«ማን አቁሚው አለሽ?» አለች ውብዓለም። «አደራ እኮ ነው! እመልሳለሁ ብዬ በልጆቼ የማልኩበት ነው!»

«መቼ ነገርሽን?» አለች ትርሲት። «አባባ ያዙልኝ ሲል ምን ላድርግ? ልልቀቀው?»

«ቢቆም እንደሚበጠስ ጸዳለ ነግራናለች!»

«ለማን? ለእኔ ማንም አልነገረኝም።»

ሁለቱም ወደ ጸዳለ ዞሩ። ጸዳለ ልጇን ከጭኗ ወደ ትከሻዋ አዛወረች። ረስቼው ነው ብትል ያምኗት ነበር።

«አልነገርኳትም» አለች። «ልነግራት አልፈለግሁም።»

አቶ ንጋቱ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና በእጃቸው እየዳበሱ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ከሦስቱ መሀል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔ አይቻታለሁ» አሉ። «የትኛችሁ እንዳሳየችኝ ግን መለየት አቃተኝ።»

ጎረቤት ጉዳዩን ሲሰማ ሦስት ቦታ ተከፈለ። የበዳዳ ሚስት «ካሴቱ ባይመጣ ምኑን ያዩት ነበር? ያውም ባሏን ልጆቿን ጥላ!» ብላ ለውብዓለም ቆመች፤ የሰው አደራ ለአደጋ ማጋለጧን ሲያነሡባት ግን ወሬውን ወደ ሌላ አዞረች። በዳዳ ራሱ «ሻጋታው ባይጠረግ ማን ምን ያይ ነበር? ዘጠኝ ቀን ክር የላሰችው እሷ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሱቁን የያዘችው እሷ!» አለ። «አፏን የዘጋችውስ?» ሲሉት «እሱማ…» ብሎ ጎማውን መጠገን ቀጠለ። የመናኸሪያው ዘበኛ ደግሞ «ሰውየው አሳዩኝ አሉ፣ ትርሲት አሳየቻቸው፣ አለቀ!» ባይ ነው። ቢሆንም እሱም ቢሆን የተበጠሰውን ክር ሲያይ ጭንቅላቱን መወዝወዙ አልቀረም።

ክሩ በተበጠሰበት ዕለት ሁለቱ እህቶቿ በሁለት ጥግ ተኮራርፈው ሲቀመጡ ጸዳለ ልጇን አስተኛች። ብሎን መፍቻዋን አንሥታ የዴኩን ክዳን ፈታች፤ ሄዱ ላይ የተጠመጠመውን ክር በጥፍሯ ታወጣ ጀመር።

«ትርሲት» አለች ዞር ሳትል። «ነይ፣ ይቺን ጫፍ ያዥልኝ።»

ትርሲት ከጥጓ ተነሣች። ከዚያ መጥታ ጫፉን ያዘችላት።

እንግዲህ ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዷ አምጥታለች፣ አንዷ አጽድታለች፣ አንዷ አሳይታለች፤ ጥፋትም የሌለባት የለችም። እናንተ በአቶ ንጋቱ ቦታ ብትሆኑ፣ ቪዲዮ ቤቱ የሚገባው ለማናቸው ነው?