ሸክም ማውረጃው ድንጋይ

ተረት ተረት! «የዳገት መሬት» በሉኝ እንጂ፤ የማወራችሁ ስለ ዳገት ነው።

ዋንዛ በር የምትባል ከተማ ነበረች። ገበያዋ ከታች፣ ማዘጋጃ ቤቷ ከላይ፣ በመሃሉ የሰው ምላስ የሚያስወጣ ዳገት። በዳገቱ ወገብ ላይ ጋሽ አጥናፉ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስልክ በእጀታ በሚዞርበት ዘመን ኦፕሬተር ሆነው ሠላሳ ዓመት የከተማውን ሰው እርስ በርሱ ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ወይዘሮ ውድነሽ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ልጅ አልወለዱም።

ከደጃቸው ግን አንድ ድንጋይ ነበር። ቁመቱ እስከ ሰው ወገብ፣ አናቱ ጠፍጣፋ። ሸክም ይዞ ዳገቱን የሚወጣ ሁሉ ጀርባውን ያዞርና ሸክሙን እዚያ ላይ ያሳርፋል፤ አውራጅ አይፈልግ፣ አሸካሚ አይፈልግ። ትንፋሹ እስኪመለስ ታዲያ ዝም አይልም። «ጋሽ አጥናፉ፣ አሉ እንዴ?» ብሎ ይጣራል። እሳቸውም «አለሁ!» ብለው ይወጣሉ። የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ላም እንደጠፋች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ይሰማሉ። ለጋሽ አጥናፉ ቀን ማለት ይህ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ኮብልስቶን መጣ። ድንጋዩ የመንገዱን መስመር ያበላሻል ተባለና ተነቅሎ ማዘጋጃ ቤት ግቢ ውስጥ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ ባለሸክም ሁሉ እያለከለከ ሽቅብ ያልፋል፤ የሚያለከልክ ሰው ደግሞ ሰላምታ የለውም። ጋሽ አጥናፉ ከራዲዮ ጋር መከራከር ጀመሩ። አንድ ቀን ጠዋት የተጠሩ መሰላቸውና «አለሁ!» ብለው ወጡ። ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። አፈሩ፤ በሩን ዘግተውም አለቀሱ።

እንባቸውን ጠርገው ከዘራቸውን አነሱ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ድንጋያቸውን።

ባለጋሪው ከሊል ዘንድ ሄዱ። «ከሊል ልጄ፣ ድንጋዬን ጭነህ አምጣልኝ።»

«ለእርስዎ ከሆነ ፈረሱ እንኳ ቢለግም እኔው እጎትተዋለሁ» አለ ከሊል። «ግን ዘበኛው በሩን ካልከፈተ ከየት ልጫን?»

እንግዲህ ያዙልኝ። ዘበኛው ካልከፈተ ጋሪው አይጭንም፤ ጋሪው ካልጫነ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ሰው አያርፍም፤ ሰው ካላረፈ ጋሽ አጥናፉ ብቻቸውን ናቸው።

ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ወጡ። ጓንጉል ይባላል። ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይበላል።

«ጓንጉል፣ በሩን ክፈትና ድንጋዬ ይውጣ።»

«ይቺ የመንግሥት ንብረት ናት» አለ ጓንጉል፣ ከመንግሥት ንብረት ላይ ሳይነሳ። «ያለ ደብዳቤ እንኳን ድንጋይ አቧራም ከዚህ ግቢ አይወጣም። የምትጽፈው ኢንጂነሯ ናት።»

ኢንጂነሯ ካልጻፈች ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ጋሪው አይጭንም፤ ጋሪው ካልጫነ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ሰው አያርፍም፤ ሰው ካላረፈ ጋሽ አጥናፉ ብቻቸውን ናቸው።

ኢንጂነር ሰናይት ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው፤ እስከ መጨረሻውም አዳመጠቻቸው። እንዲህ ያዳመጣቸው ሰው ከጠፋ ስለቆየ ጋሽ አጥናፉ ነገሩን ሁለት ጊዜ ነገሯት።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ፕላኑ ላይ የታየኝ ድንጋይ ነው፤ ሰው አልታየኝም። ነገር ግን መንገዱን የወሰነው ምክር ቤቱ ነው፤ የምክር ቤቱን ውሳኔ እኔ በደብዳቤ አልሽርም።»

ምክር ቤቱ ካልወሰነ ኢንጂነሯ አትጽፍም፤ ኢንጂነሯ ካልጻፈች ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ጋሪው አይጭንም፤ ጋሪው ካልጫነ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ሰው አያርፍም፤ ሰው ካላረፈ ጋሽ አጥናፉ ብቻቸውን ናቸው።

ሐሙስ የምክር ቤቱ ስብሰባ ቀን ነው። ጋሽ አጥናፉ አዳራሹ ገቡ። አሥራ አምስት ወንበር፤ ሰባት ሰው። የቀሩት ስልጠና፣ መስክና ለቅሶ ላይ ናቸው፤ አምና ብትጠይቁም እዚያው ነበሩ። አፈ ጉባኤ ፈለቀ ሰዓቱን እያየ ሻይ ይጠጣል።

«እኔ በግሌ እደግፋለሁ» አላቸው። «ግን ስምንት እጅ ካልተገኘ ድምፅ መስጠት አይቻልም። ስምንተኛዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ‹ጉዳይ ገጠመኝ› ይላሉ፣ ይቀራሉ። የገበያው ጣሪያ፣ የቧንቧው ነገር፣ ሁሉም እሳቸውን ይጠብቃል።»

ጋሽ አጥናፉ ባዶዋን ወንበር አዩ። ባዶ ወንበር ምን እንደሚመስል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

ስምንተኛው እጅ ካልተነሳ ምክር ቤቱ አይወስንም፤ ምክር ቤቱ ካልወሰነ ኢንጂነሯ አትጽፍም፤ ኢንጂነሯ ካልጻፈች ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ጋሪው አይጭንም፤ ጋሪው ካልጫነ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ሰው አያርፍም፤ ሰው ካላረፈ፣ እናንተው ጨርሱት።

ዳገቱን ቁልቁል ወርደው ታች ሰፈር ደረሱ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከደጃቸው ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እባክዎ ለሐሙሱ ስብሰባ ይውጡልኝ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «በየትኛው እግሬ ጋሽ አጥናፉ? ጉልበቴ ከዳኝ። እስከ እርስዎ ደጅ እንደምንም እደርሳለሁ፤ እዚያ ድንጋዩ ላይ ተደግፌ ነበር ነፍሴ የምትመለሰው። አሁን ድንጋዩ የለም።»

«በባጃጅ ቢሆንስ?»

«ባጃጅ ያንን ዳገት መቼ ይደፍራል! ከሊል በጋሪ ላድርስዎ አለኝ። እንደ ጤፍ ኩንታል ተጭኜ ምክር ቤት ልግባ? ጉልበቴ አልቻለም ብዬስ ለዚያ ለትናንት ልጅ ለፈለቀ ልጻፍ? ደግሞ ይስሙኝ፤ መንገዱ ይሠራ ሲባል ቀድሞ የተነሳው የኔ እጅ ነው። ድንጋዩ ይነሳል ያለኝ ግን የለም።»

አያችሁልኝ? ድንጋዩ ካልመጣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አይወጡም፤ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካልወጡ ስምንተኛው እጅ አይነሳም፤ ስምንተኛው እጅ ካልተነሳ ምክር ቤቱ አይወስንም፤ ምክር ቤቱ ካልወሰነ ኢንጂነሯ አትጽፍም፤ ኢንጂነሯ ካልጻፈች ዘበኛው አይከፍትም፤ ዘበኛው ካልከፈተ ጋሪው አይጭንም፤ ጋሪው ካልጫነ ድንጋዩ አይመጣም። ድንጋዩ ካልመጣ ደግሞ ወይዘሮ ጥሩወርቅ አይወጡም። ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ጋሽ አጥናፉ ቤታቸው ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከፊት ለፊታቸው ግድግዳው ላይ የወይዘሮ ውድነሽ በርጩማ ተሰቅሏል። ባልና ሚስቱ በየበርጩማቸው ደጅ ይቀመጡ ነበር፤ እሳቸው በድንጋዩ ግራ፣ እሷ በቀኙ። ውድነሽ ያረፈች ሰሞን ጋሽ አጥናፉ የእሷን በምስማር ሰቀሉት፤ አራት ዓመት ማንም አልተቀመጠበትም። ለለቅሶ የመጣ ሰው እንኳ ሊያወርደው እጁን ሲዘረጋ ይከለክሉት ነበር። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ውድነሽ የምር ሄደች ማለት ነው፤ የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሱና አወረዱት። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ለወይዘሮ ጥሩወርቅም «እስከ ደጄ ብቻ ይድረሱልኝ፤ ማረፊያው በኔ ነው» ብለው ላኩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መጡ። ከጋሽ አጥናፉ ደጅ ሲደርሱ በርጩማው ወጥቶ ይጠብቃል። ዘፍ አሉበት።

«የማን ነው?» አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

«የውድነሽ።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደንግጠው ሊነሱ ሞከሩ።

«ይቀመጡ» አሉ ጋሽ አጥናፉ። «እሷ እንግዳ ቆሞ ማየት አይሆንላትም ነበር።»

ለቀሪው የዳገቱ አጋማሽ ጋሽ አጥናፉ በርጩማውን በትከሻቸው ተሸከሙ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ሲደክማቸው ያወርዱታል፤ ሲነሱ ይሸከሙታል። ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ማዘጋጃ ቤት ደረሱ።

አፈ ጉባኤ ፈለቀ ስምንተኛዋን ሲያይ ሻዩ ትን አለው። «አንደኛ አጀንዳ፣ የገበያው ጣሪያ...»

«አንደኛ ድንጋዩ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «ጉልበቴ አርጅቷል። ማረፊያ ካላበጃችሁልኝ ሁለተኛ አታዩኝም።» ተናገሩት፤ ያን ሁሉ ወር ያፈሩበትን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት።

«እሺ፤ የሚደግፍ?» አለ ፈለቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰባት። ከሁሉም ኋላ፣ ቀስ ብሎ፣ ስምንተኛው። የሚቃወም የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ከዚያማ ማን ያቁመው! ስምንተኛው እጅ ሲነሳ ምክር ቤቱ ወሰነ፤ ምክር ቤቱ ሲወስን ኢንጂነሯ ጻፈች፤ ኢንጂነሯ ስትጽፍ ዘበኛው ከፈተ፣ ቆሎውንም ቆሞ በላ፤ ዘበኛው ሲከፍት ጋሪው ጫነ፤ ጋሪው ሲጭን ድንጋዩ መጣ፤ ድንጋዩም ከድሮ ቦታው ፈንጠር ብሎ፣ ከአጥሩ ጥግ ተተከለ።

ከሊልና ፈረሱ ሄዱ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ትንሽ አርፈው ወደ ታች ወረዱ። ጋሽ አጥናፉ በርጩማውን ይዘው ገቡ፤ ምስማሩን አዩት፤ አልሰቀሉትም፤ ከበሩ ሥር አኖሩት። ከዚያ ተቀምጠው ጠበቁ። ደጁ ጭር ብሏል። ሰው ድንጋዩን ረስቶት ቢሆንስ?

ከሰዓት በኋላ እንስራ ያዘለች ሴት ዳገቱን ወጣች። ጀርባዋን አዞረች፤ እንስራዋ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«ጋሽ አጥናፉ፣ አሉ እንዴ?»

ጋሽ አጥናፉ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፁ እምቢ አለ። ሴትዮዋ ሄዳ እንዳታልፍ ፈሩ። በርጩማውን አንስተው እየተደናቀፉ ወጡ፤ ከፊቷም አኖሩላት።

«አለሁ» አሉ። «አለሁ ልጄ፤ ቁጭ በይ።»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ተዉትና እግሬን አሳርፉ።