እሳት የበሳሳው ወፍጮ

«አንድ ባለጸጋ ገበሬ ነበረ» ብለው ጀመሩ መምሬ ጥሩነህ። ከፊታቸው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተቀመጠችው አንጓች ናት። ልጇን ከቀበረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ጠዋት ደግሞ የጎረቤቷ የስመኝ ልጅ ሞተ። መንደሩ በሙሉ ለቅሶ ሲሄድ እሷ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ወደ ንስሐ አባቷ መጣች። «አባቴ፣ ሰው ሁሉ ‹ላያስችል አይሰጥም› ይለኛል። እሺ፣ አስቻለኝ። ከእሳቱ ካወጣኝ ላይቀር ግን የተበሳሳውን ልቤን ለምን አልደፈነልኝም? የሰው ለቅሶ በሰማሁ ቁጥር እንደ አዲስ እቃጠላለሁ» አለቻቸው። መምሬም ይህን ነገሯት።

ባለጸጋው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ደረሰችና ከወንዝ ማዶ ታጨች። በዚያ አገር የሙሽራ አባት ከልጁ ጋር ወፍጮ ይልካል። ሙሽራይቱ ከጫጉላ ስትወጣ በዚያ ወፍጮ ፈጭታ ለአማቷ ታቀርባለች፤ አማት ዱቄቱን በጣቷ አሽታ ትፈርዳለች። ባለሙያ የተባለች ባለሙያ ናት፤ ሙያ ቢስ የተባለች ደግሞ አለቀላት። ጉድ እኮ ነው! ግን እንዲያ ነበር ልማዱ።

ሰውየው ከጥቁሩ ተራራ ሥር ወደሚኖር ወፍጮ ጠራቢ ሄደ። ጠራቢው አንድ ጥቁር ድንጋይ አወጣለት፤ ላዩ እንደ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ባለጸጋው። «ፈንጣጣ የጨረሰውን ድንጋይ ለልጄ? አማቾቼ ምን ይሉኛል!»

«ጌታዬ፣ መልክ ታጥቦ አይጠጣም» አለ ጠራቢው።

ማን ሰምቶት! የሰውየው ዓይን ጥግ ካለው ሌላ ድንጋይ ላይ ነበር። እሱም ጥቁር ነው፤ ግን ድፍን፣ ከባድ፣ አንድ ቀዳዳ የሌለው፣ ሲያሹት የሚያበራ። ጠራቢው ለድልድይ መሠረት ያስቀመጠው ነው። ጎርፍ ዕድሜ ልኩን ቢመታው ንቅንቅ አይልም፤ ለዚያ ሥራ አቻም የለው። ባለጸጋው ግን ወፍጮ ይሁንልኝ ብሎ ድርቅ አለ፤ አስጠረበና አስጫነው።

ሠርጉ አለፈ። ሰንበት ብሎ አባት ልጁን ሊጠይቅ ማዶ ተሻገረ። ሙሽራይቱ ወፍጮው ላይ ተደፍታለች። የላይኛውን ድንጋይ፣ መጁን፣ ትገፋለች፤ ገብሱ ሳይሰበር እየተንሸራተተ ቁልቁል ይወርዳል። መልሳ ታፍሳለች፣ መልሳ ትገፋለች። በመውቀሪያ እየወቀረች ላዩን ብታሻክረውም ለጥቂት ቀን ይዞላት ተመልሶ ልስልስ ይላል። መዳፏ ተልጧል። አማቲቱ ከጓዳ ለጎረቤት ስትናገር አባት ሰማ፤ «የሀብታም ልጅ! እጇ ሥራ አያውቅም። እስከ ፋሲካ ካልተሻላት ወደ አባቷ ቤት ትመለስ።»

ልጁ ቀና ብላ አየችውና መልሳ መጁን ገፋች። ድንጋዩን የመረጠው እሱ መሆኑን ታውቃለች፤ አባቴ እንዳያፍር ብላ ነው ስድቡን የምትውጠው። ውይ! ይህ ከስድቡም ይብሳል።

ባለጸጋው ካባውን አውልቆ እዚያው ተወና በቀጥታ ወደ ጠራቢው ሄደ። ዓይናማው ድንጋይ ወፍጮ ሆኖ ተጠርቦ ከደጃፉ ተቀምጧል። በእጁ ዳሰሰው።

«ለመሆኑ ይህን ማን በሳው?» አለ።

«እሳት ነዋ! ይህ ተራራ ዱሮ እሳት ነበር ይባላል። ድንጋዩ ቀልጦ እንደ ገንፎ ሲፈስ፣ በውስጡ የታመቀው ትንፋሽ ልውጣ ልውጣ እያለ ይገፋል። ሳይወጣ ድንጋዩ የበረደበት ቦታ እንዲህ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። የቀዳዳው ጠርዝ ነው እህሉን የሚይዘውና የሚሰብረው።»

«ሲያረጅስ? እንደዚያኛው አይልምም?»

«እሱ ነው ተአምሩ፣ ጌታዬ! ላዩ ሲበላ ከሥር ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። እኔ እዚህ ስጠርብ አረጀሁ፤ እሱ ግን እስካሁን ያስደንቀኛል።»

ባለጸጋው ድንጋዩን በገዛ ትከሻው ተሸከመ። በገበያው መሐል፣ የሚያውቀው ሁሉ አፉን ከፍቶ እያየው፣ እያለከለከ አለፈ። አማቲቱ ቤት ደርሶ አወረደውና «ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የልጄ እጅ ምንም አልጎደለው» አለ። ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ ተንበረከከች። መጁን አንዴ ገፋች፤ ገብሱ ያዘላት። አማቲቱ ዱቄቱን ዝግን አድርጋ አሸችው። ከዚያ እልል አለች።

መምሬ እዚህ ላይ ወደ አንጓች ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ አንቺ ያ ድንጋይ ነሽ። ለምን አልደፈነልኝም ትያለሽ፤ ቢደፍንልሽማ የሰው ሐዘን ባንቺም ላይ ተንሸራቶ በወረደ ነበር! እኔ ራሴ ጠዋት ከስመኝ ቤት ነበርኩ። ሁሉም ‹እግዜር ያጽናሽ› እያለ ይገባል፣ ይወጣል። እኔም ቃሌን ብዬ ወጣሁ፤ እሷ ግን እስካሁን አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም፣ ውኃም በአፏ አልዞረ። እኛ ያልተበሳን ሰዎች ሐዘኗን ልንይዝላት አልቻልንም። እቃጠላለሁ ብለሽ ፈርተሻል፤ አዎ፣ ትቃጠያለሽ፣ አልዋሽሽም። ቢሆንም ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ፤ ምንም አትበያት። አንቺን ስታይ ታለቅሳለች።»