አንድ ጭስ የተባለው አገር

በደጋው ጫፍ ላይ፣ ከምሥራቅ በገደል ከምዕራብ በረግረግ ታጥሮ የተቀመጠ አንድ ወረዳ አለ፤ ስሙ አንድ ጭስ ይባላል። አሥራ ሰባት ቀበሌዎች አሉት፤ አራቱ ወደ ቆላው ያዘነበሉ ናቸው፣ የቀሩት አሥራ ሦስቱ ግን ነፋስና ጉም የማይለያቸው ደጋዎች ናቸው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ማያ ጉብታ ከሚባለው ኮረብታ ግርጌ በብሎኬትና በቆርቆሮ የተሠራ ሲሆን፣ በበሩ አጠገብ የተሰቀለው ሰሌዳ የሕዝቡን ቁጥር ስልሳ ሁለት ሺህ ከጥቂት መቶ ነው ይላል። ይህን ያህል ሰው የሚኖርበት፣ ማለዳ ከጉብታው ላይ ሆነው ሲያዩት ጭሱ ከዳር እስከ ዳር የሚወጣ አገር ስለ ምን አንድ ጭስ እንደተባለ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል። ሌላም የሚጠይቀው ነገር አለ። በአጎራባች ወረዳዎች ሰው ሲሞት የለቅሶ ቤት ምድጃ ይጠፋል፤ በዚህ ወረዳ ብቻ ጎረቤት ወደ ለቅሶ ቤት እሳት ይዞ ይሄዳል፣ ይዞም ከደጅ ይቆማል፤ ካልተጠየቀ በቀር አይናገርም።

ሽማግሌዎች የሁለቱም ጥያቄ መልስ አንድ ነው ይላሉ። እዚህ የተጻፈው እነሱ እንደሚናገሩት ነው፤ በተለያዩበት ቦታ መለያየታቸው እንዳለ ቀርቷል።

የአገሩ የድሮ ስም ሰንበሌጤ ነበር ይባላል። በዚያ ዘመን ቀበሌም ወረዳም አልነበረም፤ መንደሩን ጭቃ ሹም ይመራዋል፣ ከጭቃ ሹሙ በላይ ዳኛ አለ፣ ከዳኛው በላይ ደግሞ ወንዝ ማዶ የሚቀመጥ፣ ሰንበሌጤን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ገዥ ነበር። ገዥው ሕዝቡን የሚያውቀው በጭስ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ቆጣሪ ይልካል፤ ቆጣሪውም ማያ ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ሲነጋ ከየጣራው የሚወጣውን ጭስ ይቆጥራል። ከሜዳ የሚወጣ ጭስ አይቆጠርም፤ ከጣራ የወጣ ግን አንድ ጭስ አንድ ቤት ነው። ጉም ስላለ ቆጠራው ሦስት ማለዳ ይፈጃል፤ የሚጸናውም የሦስተኛው ማለዳ ነው። ከተቆጠረም በኋላ እንደ ቁጥሩ እህል ይወሰዳል፣ ለግንብ ሥራና ለዘመቻም ሰው ይወሰዳል። ስለዚህ የሰንበሌጤ ሰዎች ከአባት ከአያት የተማሩት ዘዴ ነበራቸው። የቆጣሪ ወሬ ሲሰማ ጭቃ ሹሙ ያዛል፣ ሰዉም ምድጃው ላይ ውሃ ይደፋል፤ እስኪያልፍም ድረስ ቆሎ እየቆረጠመ ይሰነብታል።

ታሪኩ የሆነው በክፉው ቀን በሦስተኛው ዓመት ነው ይባላል። በመጀመሪያው ዓመት ከብቱ አለቀ፣ በሁለተኛው እህሉ፣ በሦስተኛው ሰዉ። ከአርባ ሁለት ቤት ሰው የቀረው በሃያ ሦስቱ ብቻ ነበር፤ አሥራ ዘጠኙ ቤት በሩ ተዘግቶ፣ ሣሩ ጣራው ላይ እየበሰበሰ ቆሞ ነበር። ሕዝቡን አገሩ ላይ ያቆየው ሾላ ምንጭ የተባለው ውሃ ነው፤ በደጋውም በቆላውም ያልደረቀ ውሃ እሱ ብቻ ነበርና።

የቆላው ገዥ ይህን ውሃ ፈለገው። ሰንበሌጤ ሰው አልቆበት ጠፍ ሆኗል፣ ለከብቶቼ ይሰጠኝ ብሎ አቤት አለ። ወንዝ ማዶ ያለውም ገዥ፦ ይቆጠር፣ አርባ ጭስና ከዚያ በላይ ከተገኘ አገር ነውና ከነዳኛው ከነምንጩ ይቆይ፣ ከአርባ ካነሰ ግን ጠፍ ነውና ለቆላው ይሁን፣ የቀረውም ሰው ይልቀቅ ብሎ ፈረደ። ቆጣሪ ሆኖ የተላከው ባላምባራስ ወንድይራድ የሚባል፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ሳይደርስም መልእክተኛ ልኮ ነገሩን እንዳለ አስነግሯል።

የሰንበሌጤ ጭቃ ሹም ግን ደባልቄ ነበር። ደባልቄ ክፉ ሰው አልነበረም ይላሉ። አባቱ በእንዲህ ያለ መልእክት አምኖ ምድጃውን ሁሉ አስነድዶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ ለዘመቻ ተወስደው አልተመለሱም። ስለዚህ መልእክተኛውን አብልቶ ከሸኘ በኋላ ሰዉን ሰብስቦ፣ «ቆጣሪ እውነት የተናገረ ዕለት አህያ ቀንድ ታበቅላለች» አለ። ሰዉም ከሦስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ ይባላል። ከዚያም እንደ ልማዳቸው በየምድጃው ውሃ ደፉ፤ አመዱ ጭቃ እስኪሆን ድረስ ደፉ።

በማግስቱ ባላምባራስ ወንድይራድ ጉብታው ላይ ቆሞ ሲነጋ ጠበቀ። አጠገቡ የቆላው ገዥ የላከው ሰውና አንድ ጸሐፊ ነበሩ። ጉሙ ተገፈፈ። ከአርባ ሁለቱ ጣራ የሚጨስ አንድ ብቻ ነበር። ባላምባራሱ ለጸሐፊው፣ «አንድ ጭስ» አለው፤ ሌላ አልጨመረም።

ያ አንዱ ጭስ ከሾላ ምንጭ አጠገብ ካለው ከእንጉዳይ ቤት የሚወጣ ነው። እንጉዳይ ባሏ እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ የቀረባት፣ ከአማቷ ከዘርትሁን ጋር የምትኖር አራስ ነበረች፤ ሴት ልጅ ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። የአራስ ቤት እሳት አይጠፋም ተብሎ ስለሚታመን ዘርትሁን የደባልቄን ትእዛዝ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች።

ረፋድ ላይ የቆላው እረኞች ከብት እየነዱ ሾላ ምንጭ ደረሱ። አገሩ ከነገ ወዲያ የእኛ ነው ብለው ሴቶቹን ከውሃው መለሷቸው። ያን ጊዜ ሰዉ መልእክቱ እውነት እንደነበር ገባው። ደባልቄም እየሮጠ በየቤቱ አንድዱ ማለት ጀመረ፤ በሰው ቤትም በሙታን ቤትም አንድዱ አለ። በምን እሳት ይነደዳል? በሰንበሌጤ እሳት ከጎረቤት ተጭሮ ይነድ ነበር እንጂ አዲስ እሳት ማውጣት የሚችለው ባልጩት ያለው ቀጥቃጩ ብቻ ነበር፤ ቀጥቃጩ ደግሞ ባለፈው ክረምት ሞቷል። በአገሩ የቀረው እሳት የእንጉዳይ ብቻ ነው። ከአራስ ቤት ደግሞ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እሳት አይወጣም፤ ከወጣ የልጁ ነፍስ ተከትሎት ይወጣል ይባል ነበር።

ደባልቄ ሄዶ ከደጅ ቆመ፤ ወንድ አራስ ቤት አይገባምና። ከኋላው ሰዉ ሁሉ ገል ይዞ ተሰልፏል።

ዘርትሁን በሩ ላይ ወጥታ አየችው። «ውሃ ድፉ ያልክ አንተ፤ እሳት ስጡኝ የምትልም አንተ። ነገስ ምን ልትለን ነው፣ ደባልቄ?»

«ነገማ ምንም አልልም፣ እማማ» አለ። «ነገ የምቆምበትም የለኝ።»

ከውስጥ የእንጉዳይ ድምፅ ተሰማ። «አባ ደባልቄ፣ እሳቱን ከሰጠሁ ልጄ ምንም አትሆንም ብለው ይማሉልኛል?»

ደባልቄ ቢምል ኖሮ ነገሩ ቶሎ ባለቀ ነበር። እሱ ግን፣ «አላውቅም፣ ልጄ» አላት። በዚያ ሰሞን ከአፉ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነው እያሉ ሽማግሌዎቹ ይተርካሉ።

«እንግዲያው ይጫሩ» አለች። «አመድ ብቻ ግን እንዳታስቀሩብኝ።»

ሴቶቹ አንድ አንድ እያሉ እየገቡ ጫሩ። መጀመሪያ የገቡት አንድ አንድ ፍም ይዘው ወጡ። በኋላ የመጡት ግን መንገድ ላይ ቢጠፋብንስ ብለው ሁለት፣ ሦስት ወሰዱ። በሩ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲከፈት ሲዘጋ ነፋሱ ይገባ ነበር። መጨረሻ ላይ ደባልቄ ገሉን ከውጭ አቀበለ። በምድጃው ሁለት ፍም ቀርቶ ነበር፤ አንዱ ተሰጠው። ሁሉም ምድጃቸው ሲነድ እሳት እንመልሳለን ብለው ነበር የሄዱት።

የሚነድ ነገርም አልነበረም። ከብት ካለቀ ኩበት የለም፤ በአቅራቢያው የነበረው ዛፍም በረሃቡ ጊዜ ተቆርጦ ተሽጧል። ስለዚህ ሰዉ ሞፈርና ቀንበሩን ፈልጦ አነደደ፤ በሬ የለንም፣ ሞፈር ምን ያደርግልናል አለ። ሞፈሩ ሲያልቅ አልጋውን፣ አልጋው ሲያልቅ በሩን። የሙታኑን ቤት ከፍተው ሲገቡ ምድጃው ላይ ሣር በቅሎ ያገኙበት አለ፣ የእንጀራ መሶብ እንደተከደነ ያገኙበትም አለ። ያንን ሁሉ እያዩ አነደዱ። ከአሥራ ዘጠኙ የሙታን ቤት ሁለቱ ጣራቸው ተያይዞ እስከ መሠረታቸው ነደዱ፤ አርባ ሁለት የነበረው አርባ ሆነ። ከዚያ በኋላ አንድ ጣራ እንኳ ቢጎድል አገሩ ይጠፋል።

በዚህ ሁሉ መካከል ለእንጉዳይ እሳት የመለሰላት ሰው አልነበረም። ክፋት አልነበረም ይላሉ፤ እያንዳንዱ ሌላው መልሶላታል ብሎ አስቦ ነው። የቀረው አንድ ፍም አመሻሹ ላይ ከሰመ። ዘርትሁን በእርጅና እግሯ ጉሙን እየዳበሰች ወጥታ፣ ከሩቅ ቤት እሳት ጭራ እስክትመለስ ድረስ ሕፃኗ በብርድ ደንዝዛ ነበር። ሌሊቱን ቆየች፤ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞተች። እዚህ ላይ ሽማግሌዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ እሳቱ ስለወጣ ነው ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ብርዱ ነው ይላሉ፣ የእናቲቱ ጡት ከመጀመሪያውም ወተት አልነበረውም የሚሉም አሉ። ስም ገና አልወጣላትም ነበር።

ዘርትሁን እንደ ልማዱ የለቅሶ ቤቱን ምድጃ አጠፋች።

ሦስተኛው ማለዳ ሲቀርብ ደባልቄ መንደሩን ዞሮ ቆጠረ። ሠላሳ ዘጠኝ ቤት ይጨሳል። ሌላ ጣራ የለም። ልጅ የሞተበትን ቤት እሳት ከእናቲቱ በቀር የሚያነድድ የለም፤ ያለ ፈቃዷ ያነደደ የተረገመ ነው። ደባልቄ ሄዶ እንደገና ከደጅ ቆመ። ሕፃኗን ለማሞቅ በሩ ራሱ ነድዶ ስለነበር የሚያንኳኳው እንኳን አልነበረውም።

«ማነው?» አለች እንጉዳይ።

«ደባልቄ ነኝ።»

«ስንት ሆነ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ።»

«የጎደለው የኔ ነው?»

ደባልቄ ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ።

«ይንገሩኝ እንጂ። እሳት ለመጠየቅ ያልፈሩ ሰው።»

«አዎ፣ የአንቺ ነው» አለ።

«እሳት ይዘዋል?» አለችው። ደባልቄ ጋቢውን ገለጠ። ከጋቢው ሥር በገል ላይ አመድ የለበሰ ፍም ነበር። «የወሰድሁት ነው» አላት። «ዘገየሁ።»

ዘርትሁን ገሉን ተቀብላ ገባች። በቤቱ ውስጥ የሚነድ እንጨት አልነበረም። እንጉዳይ ተነሥታ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አንቀልባ አወረደች፤ ልጇ ስትወለድ ያዘጋጀችው፣ አንድ ቀን እንኳ ያላዘለችበት አዲስ ቆዳ ነበር። ፍሙ ላይ አኖረችውና ተንበርክካ እፍ አለች።

በጉብታው ላይ ባላምባራሱ ሠላሳ ዘጠኝ ቆጥሮ ጨርሷል። የቆላው ሰው እንኳን ደስ አለን እያለ በቅሎውን መጫን ጀምሮ ነበር። ያን ጊዜ ከሾላ ምንጭ አጠገብ ካለው ቤት ጭስ ወጣ። የሌሎቹን ቀጭን ጭስ ነፋሱ ይበትነው ነበር፤ ይህ ግን ጥቁርና ከባድ ስለነበር ከጣራው በላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

የቆላው ሰው፣ «ይሄ ቆዳ ነው የተቃጠለ» አለ። «የቀረውም ግማሹ የሙታን ቤት ነው፣ ባላምባራስ። ሙት ይቆጠራል እንዴ?»

«እኔ የተላክሁት ጭስ ልቆጥር ነው» አለው ባላምባራስ ወንድይራድ። «ማን እንዳነደደው ጠይቅ ስባል ደግሞ እመጣለሁ።» ወደ ጸሐፊውም ዞሮ፣ «ሠላሳ ዘጠኝ ብለሃል። ጨምር፤ አንድ ጭስ» አለ።

ምንጩ ለሰንበሌጤ ጸና፤ እረኞቹም ከብታቸውን ይዘው ተመለሱ። ደስታ ግን አልነበረም ይላሉ። ሞፈር ስላልነበረ ሰዉ አራት ዓመት በዶማ ቆፍሮ ዘራ። ደባልቄ በዚያው ቀን ሹመቱን አስረከበ፤ እስኪሞት ድረስም ቆጠራ ሲባል ከቤቱ አይወጣም ነበር። እንጉዳይ ገዳም ገባች የሚሉ አሉ፤ የለም፣ እዚያው አርጅታ ሞተች የሚሉም አሉ። በአገሩ ላይ አንድ ጭስ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ሰዉ ሰንበሌጤ ማለት አፍሮ ቀስ በቀስ ተወው ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የተወሰደ እሳት ሳይመለስ አያመሽም፤ የለቅሶ ቤትም ምድጃ አይጠፋም። ሰው በሞተ ጊዜ መጀመሪያ እሳት ይዞ የሚሄደው የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፤ በገል ይዞ ከደጅ ይቆማል፣ እስኪጠሩትም ይጠብቃል። አዲስ የመጣ የወረዳ አስተዳዳሪም ይህን ሳይማር ወንበሩ ላይ አይቆይም።

የእንጉዳይ ቤት ፍራሽ ዛሬም ከሾላ ምንጭ በላይ፣ ከወረዳው የውሃ ቧንቧ አጠገብ አለ፤ ጥቂት ድንጋይና እሬት ነው። ማንም አልሠራበትም። የአገሩ ሰው ማለዳ ማያ ጉብታ ላይ ወጥቶ ለእንግዳ መንደሮቹን ሲያሳይ፣ ወይም ልጆች በጨዋታ ጭስ ሲቆጥሩ፣ መጀመሪያ ጣታቸውን ወደዚያ ፍራሽ ይዘረጋሉ። ከዚያ ምንም አይጨስም። «አንድ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚጨሱትን ቤቶች የሚቀጥሉት።