የባለጠጋው ተቃዋሚ

አንድ ሰው ነበረ። ባለጠጋ ነበረ። ምን ታፈጥብኛለህ? «አክስቴ፣ ተቃዋሚ ማለት ጠላት ማለት አይደለም ወይ?» ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ አይደለህም? የእድር ዳኛ ሆነህ ከተመረጥክ ገና ዓመት አልሞላህም። አናጢው በስብሰባ መሃል ተነስቶ «የእድሩን ድንኳን መሸጥ አይገባም» ስላለህ ከእድሩ ካላስወጣሁት ብለህ ተነስተሃል። ዘንድሮማ ቃሉን ስትጠሩት የክፉ በሽታ ስም ይመስል ድምፃችሁን ዝቅ ታደርጋላችሁ። ወጡ ጨው በዛበት ያለ ሁሉ ተቃዋሚ ነው። እንግዲህ ጠይቀሃል፣ ቁጭ ብለህ ስማ።

ባለጠጋው ከላይ፣ አንድ ገበሬ ደግሞ ከታች ያርሱ ነበር። በበጋ ሽንኩርታቸውን የሚያጠጡት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ውሃው በተራ ይለቀቃል። ባለጠጋው ግን ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። ሲያሻው ቦዩን ይደፍንና ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ ይመልሰዋል። ሌላው ጎረቤት በሆዱ እየተሳደበ ዝም ይላል። ገበሬው ዝም አላለም። ከኋላው ሄዶ አላማውም፣ ከብቱንም አልነካበትም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት ኩታውን አደግድጎ ይነሳል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ የልጆቹን ደህንነት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ በነገር ያፋጥጠዋል። ሲያፋጥጠውም «እርስዎ» ከማለት አይወርድም።

ከባለጠጋው ድግስ የማይጠፉ ሰዎች ነበሩ፤ መቼስ የሞላ ጋን ሰው አያጣም። እነሱ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ይሄ ሰው ደመኛህ ነው» እያሉ ጆሮውን ሞሉት። እሱም አመነ። ለድግስ መንደሩን ሁሉ ሲጠራ ገበሬውን ይዘልለው ጀመር።

በኅዳር አንድ ቀን ጠዋት የአንዲት ባልቴት የጤፍ ክምር ነደደ። የዓመት ጉሮሮዋ ነው። የምስኪኗ ባልቴት መሬት ከባለጠጋው መሬት ጋር ይዋሰናል፤ እሱም ሽጪልኝ ብሎ ለምኗት እምቢ ብላዋለች። የሰው ዓይን ሁሉ ወደማን እንደዞረ ልንገርህ?

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም አውጫጭኝ ይጠራል። አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን ይናገራል፤ ጥፋተኛው ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ካሳ መክፈሉ ቀላሉ ነው። ክፉው ነገር ከሰው መለየቱ ነው። እሳት የሚያውሰው፣ በሠርጉ የሚያጅበው፣ ሬሳውን የሚሸከምለት አይኖርም። የከብት ብዛት ደግሞ ቃሬዛ አይሸከም።

የአውጫጭኙ ዳኛ ባለጠጋውን ያን ጠዋት የት ነበርክ አለው። ውሃ ላይ ነበርኩ አለ። ማን አየህ ሲለው ፊቱን አዞረ። ያየው ገበሬው ብቻ ነበረ፤ የገበሬውን ስም ከመጥራት ደግሞ ሞቱን መረጠ። ኩራቱ ክፉ ነበር። ይሄኔ ወዳጆቹ ሊያድኑት ተሽቀዳደሙ። አንዱ ቤቴ ቁርስ ሲበላ ነበር አለ። አንዱ አብረን ስናስቀድስ ነበር አለ። ሌላው ገበያ መንገድ ላይ አግኝቼዋለሁ ብሎ ማለ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ባልቴቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ያ ሁሉ ዘመን ያበላቸው ሰዎች በአንድ ጠዋት ቀበሩት።

ገበሬው ከወደ ኋላ ተነሳ። ሰው ሁሉ ባለጠጋው አለቀለት አለ። አስበው እንግዲህ፣ አፉን ይዞ ቢቀመጥ ውሃው ከነምንጩ የሱ ነው፤ የሚከለክለው ሰው ከአገር መለየቱ ነው። እንደ ልማዱ አደግድጎ እጅ ነሳና፣

«እኒህ ሰው ያን ጠዋት ከኔ ጋር ነበሩ» አለ። «በኔ ተራ ውሃውን ወደ ማሳቸው ሲመልሱ ደርሼባቸው ስንጨቃጨቅ፣ ጭሱን አብረን አየነው። ክምር አላቃጠሉም። ውሃዬን ግን ወስደውብኛል፤ በሱ ነገር ሌላ ቀን እከሳቸዋለሁ።»

ዳኛው ሌላ ምስክር አልፈለገም። የባለጠጋውን እንጀራ ያልቀመሰ፣ ባደባባይ ሲሟገተው የኖረ ሰው ነዋ! ማን ይጠረጥረዋል? አውጫጭኙ ቀጠለ፤ ወደ ማታ ግድም አንድ ማር ቆራጭ ንቦቹን ያጨሰበትን ችቦ በደንብ ሳያጠፋ ክምሩ አጠገብ ጥሎት እንደሄደ እያለቀሰ አመነ።

በማግስቱ ባለጠጋው ሙክት አስጎትቶ ገበሬው ደጅ መጣ። ሕይወቴን መልሰህልኛል፣ ከእንግዲህ ውሃው እንዳለ ያንተ ይሁን አለው። ገበሬው እንዲቀመጥ ጋበዘው፣ ጠላ ቀዳለት፣ ሙክቱን ግን አልተቀበለም።

«ምስክርነቴን አልሸጥኩልዎትም» አለ። «የኔ ተራ የኔ ነው፤ በሸንጎ ረትቼ እወስደዋለሁ። የእርስዎን ተራ ግን አልፈልግም።»

ባለጠጋው ሙክቱን እያስጎተተ ተመለሰ። በሚቀጥለው እሁድ ሁለቱ እንደገና ፊት ለፊት ቆሙ። ገበሬው አፉን ሲከፍት እነዚያ የድግስ ወዳጆች ያፌዙበት ጀመር። ባለጠጋው በዘንጉ መሬቱን መታና «ዝም በሉ! የምከራከረው ከሰው ጋር ነው» አለ። ተከራከሩ። ሽማግሌዎቹም ለገበሬው ፈረዱ። ባለጠጋው ተረትቶ ሲወጣ ግን አንገቱን አልደፋም። እንዲህ ያለ ሰው የሚሞግተኝ እኔ ማን ብሆን ነው እያለ፣ እስኪሞት ድረስ ሲኮራበት ኖረ። ከዚያ ወዲህ ያለ ገበሬው ድግስ ደግሶ አያውቅም።

አየህ፣ የእህቴ ልጅ፣ ባለጠጋው አንተ ነህ። አናጢው ያ ገበሬ ነው። ተቃዋሚ የሚቆመው ፊት ለፊትህ ነው፣ እያየኸው፤ ጠላት ግን ካንተ ኋላ ነው የሚቆመው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠርተህ አናጢውን ብታስወጣ፣ የሚቀሩህ የሚያጨበጭቡልህ ናቸው። ነገ «የእድሩ ዳኛ ድንኳኑን ሽጦ በላው» የሚል ሐሜት ቢነሳ፣ እነሱ ሺህ ጊዜ ቢምሉልህ ማን ያምናቸዋል? አናጢው ግን አንድ ጊዜ «አልበላም» ቢል ያበቃል። እኔ አንተን ብሆን እንዲህ ያለ ሰው እድሬ ውስጥ ስላለ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

በል ተነስ። እሁድ እጁን ሲያወጣ ለሱ ቀድመህ ዕድል ስጠው፤ ተከራከረውም፣ አትማረው። እሱ ከረታህ ደግሞ ቀና ብለህ ውጣ፤ የረታህ ሰው ነው።