ካርታው አልቀላም አለ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለንስሐ አባቴም፣ አንድ ክፍል አብራኝ ለምትተኛው እህቴም አልነገርኩም። ዘጠኝ ዓመት ይዤው ኖርኩ። ፊት ለፊት ልናገረው ስል ዛሬም ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ለሕፃናት እንደሚተረተው አንዱን በአንዱ ላይ እየቀጠልኩ ልንገራችሁ። ታሪኩ ሲረዝም እፍረቴ ያጥር ይሆናል።

አንዲት እናት ልጇን ማየት ፈለገች። የፈለገችው ይህን ብቻ ነው።

ትርንጎ ትባላለች። የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገልብጦ ጭኗ ተሰበረ። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበረች ልጁም ያለ ጊዜው በቀዶ ሕክምና ተወለደ። እሷ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ክፍል፣ እግሯ በገመድና በብረት ክብደት ተወጥሮ ተኝታለች፤ ስድስት ሳምንት ከአልጋው አትነሳም። ልጁ ምድር ቤት ማሞቂያ ውስጥ ነው፤ እሱም ከዚያ አይነሳም። ከወለደችው አምስተኛ ቀኗ ነው፤ አንድም ጊዜ አላየችውም።

የፎቁ ነርስ ሲስተር ሐያት ፎቶ አንስታ አመጣችላት። ትርንጎ አየችና ስልኩን መለሰችላት።

«ይሄ የጠዋቱ ነው። ከጠዋት ወዲህ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

ቪዲዮ ቀርጻ አመጣችላት።

«ይሄም ያለፈ ነው። አሁን ሲተነፍስ አሳዩኝ።»

ወተቷ እየታለበ በጠርሙስ ይወርድለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱ ግማሽ ደረሰ። በአራተኛው ሩብ ሆነ። በአምስተኛው ቀን አጋድለው ካላዩት ወተት ያለበት አይመስልም ነበር።

«ልጇን ካላየች ሊደርቅ ነው» አለችኝ ሲስተር ሐያት በሩ ላይ ቆማ። «ምድር ቤት ያለችው ነርስ ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው፤ በቪዲዮ ትደውላለች። እዚህ ግን ዋይፋይ የለም። ግንቡ ወፍራም ስለሆነ የሲም ካርዱም አይሠራም። የኔትወርክ ባለሙያዋ አንቺ አይደለሽ?»

እኔ ነኝ። የትርንጎን ስልክ ተቀብዬ አየሁት። ስልኩ «ሞገድ ካልደረሰኝ አላሳይም» አለ። ኮሪደሩ ጣሪያ ላይ ወደ ተሰቀለው የዋይፋይ ሳጥን ቀና አልኩ። ሳጥኑ «ከዚህ ሆኜ ይህን ግንብ አላልፍም፤ ሰው አውርዶ በሩ አጠገብ ካልሰቀለኝ አልጠጋም» አለ።

ስልክና ሳጥን አፍ የላቸውም ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ቀን ግን አፍ ያለውም አፍ የሌለውም የሚናገረው አንድ ዓይነት ነበር። ሳጥኑ አልጠጋም አለ፣ ስልኩ አላሳይም አለ፤ ትርንጎም ልጇን አላየች።

ወደ ጋሽ ቱፋ ወረድኩ። የጥገና ሠራተኛ ናቸው፤ ጄኔሬተሩ ቤት ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«የኔ ልጅ፣ ያለ መሰላል አልንጠላጠልም» አሉ። «የጥገና ሰው ነኝ እንጂ ጦጣ አይደለሁም።»

«ጠረጴዛ ላይ ወንበር ብንደርብስ?»

«በወንበር የወጣው ባልደረባዬ እዚሁ ሦስተኛ ፎቅ ሁለት ወር ተኝቷል። ምግቡ አይከፋም ብሎኛል። እኔ ግን የቤቴን ለምጃለሁ።»

ከት ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጋሽ ቱፋ አልንጠላጠልም አሉ፣ ሳጥኑ አልጠጋም አለ፣ ስልኩ አላሳይም አለ፤ ትርንጎም ልጇን አላየች።

ወደ መጋዘን ሄድኩ። መሰላሉ ከንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከጋሽ ድንበሩ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ጋሼ፣ መሰላሉን ለአንድ ሰዓት ብቻ። ይኸው ይታየኛል።»

«ለእኔም ይታየኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ፣ ባለፈው ቀለም ቀቢውን በቃሉ አመንኩት። ያኛው መሰላልም አልተመለሰ፣ ግድግዳውም አልተቀባ። ከዚያ ወዲህ ያለ ደብዳቤ ሚስማር አላወጣም።»

«እናት ናት እኮ፤ ልጇን…»

«የኔ እናት ብትሆንም ደብዳቤ ይዛ ትምጣ።»

እኔ በተፈጥሮዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ የምወርድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ጋለ። መሰላል ለመውጫ ካልሆነ ለምን ተሠራ? ግድግዳ ሊደግፍ ነው? ይህን ሁሉ ያልኩት ግቢውን ሳቋርጥ፣ ለብቻዬ ነው። መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፣ ጋሽ ቱፋ አልንጠላጠልም አሉ፣ ሳጥኑ አልጠጋም አለ፣ ስልኩ አላሳይም አለ፤ ትርንጎም ልጇን አላየች።

ደብዳቤውን በአምስት ደቂቃ ጻፍኩት። ደብዳቤው ከማተሚያው ሲወጣ «ማኅተም ከሌለብኝ ወረቀት ነኝ፤ አልሄድም» አለ። ማኅተሙ ያለው እትዬ አስካለ ዘንድ ነው። እትዬ አስካለ የክፍላችን ጸሐፊ ናቸው፤ የመሳቢያውን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ አስረዋል።

«ፈትለወርቅ፣ ማኅተሙን እኔ አልጋ ሰጥቼ አስተኛዋለሁ እንጂ ጌታው ፊርማው ነው» አሉኝ። «ኢንጂነሩ ካልፈረሙ አያርፍም። አስፈርሚና አምጪ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እመታልሻለሁ።»

«ዛሬ ካልሆነ ወተቷ ይደርቃል፣ እትዬ።»

«ወይ ሞት። እኔም አራት ወልጃለሁ፤ ይገባኛል» አሉና አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ጨበጡት። አልፈቱትም።

ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፣ ጋሽ ቱፋ አልንጠላጠልም አሉ፣ ሳጥኑ አልጠጋም አለ፣ ስልኩ አላሳይም አለ፤ ትርንጎም ልጇን አላየች።

የክፍላችን ኃላፊ ኢንጂነር ሳህሉ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው የተጣጠፈ ትልቅ ወረቀት አወጡና ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ስንት ቁጥር ነው ያልሽው?»

«አሥራ ሁለት።»

ጣታቸውን አሳረፉበት። «አሥራ ሁለት አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ ማለት ሞገዱ ጠንካራ ነው ማለት ነው። ቀይ ቢሆን አሁኑኑ እፈርምልሽ ነበር።»

«ነርሷ ግን የለም ትላለች።»

«ነርሷ ሁለት ዓመት ሙሉ የለም ትላለች። ሦስት ጊዜ ጻፈች፣ ሦስት ጊዜ መለስኩላት። ለአለቃዋም ይህች ልጅ ነገር ትወዳለች ብዬ አሳስቤአለሁ። ሰው ስልኩ ሲያረጅበት ኔትወርክ የለም ይላል። ካርታ አይዋሽም።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ደግሞስ የሠራሽው አንቺ አይደለሽ? እንዲህ ንጹሕ ሥራ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።»

ካርታው የእኔ ነበር።

እንዲህ ነው የሚሠራው። የፎቁ ንድፍ ላፕቶፕ ላይ ይከፈታል። ላፕቶፑን በክንዴ ይዤ ከክፍል ወደ ክፍል እዞራለሁ። የቆምኩበትን ቦታ ንድፉ ላይ እጫናለሁ። ላፕቶፑ ሞገዱን ይለካና ያን ቦታ ይቀባዋል፤ ጥሩ ከሆነ አረንጓዴ፣ ደካማ ከሆነ ቢጫ፣ ከሌለ ቀይ። ቀላል ሥራ ነው፤ መግባትና መቆም ብቻ ይፈልጋል።

እኔን ግን እናቴ ያሳደገችኝ «የታመመ ሰው ዘንድ ባዶ እጅ አይገባም» ብላ ነው። ብርቱካን ሳይያዝ፣ «እግዜር ይማርህ» ሳይባል፣ ትንሽ እንኳ ቁጭ ሳይባል፣ ታማሚ ክፍል ገብቶ ጥግ ቆሞ መሣሪያ ነካክቶ መውጣት እኛ ቤት ነውር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ አሥራ ሁለት ቁጥር በር ላይ ስደርስ ክፍሉ በጠያቂ ተሞልቷል። ሽማግሌዎች ቆመው ይመርቃሉ፣ ሴቶች ሳህን ይዘዋል። እኔ የያዝኩት ላፕቶፕ ብቻ ነው። አላንኳኳሁም። ኮሪደሩ ላይ፣ ልክ ከሳጥኑ ሥር ቆሜ፣ ንድፉ ላይ አሥራ ሁለት ቁጥርን ተጫንኩ። ላፕቶፑ የለካው የቆምኩበትን ነበር፤ የቀባው ግን የተጫንኩትን። አረንጓዴ። ደማቅ አረንጓዴ።

ከጠዋት ጀምሮ በሰው ላይ የሰበሰብኩት ንዴት ዞሮ እኔኑ ፊቴን መታኝ። ሦስት ፎቅ ወጥተው በዓይናቸው ለማየት ሁለት ዓመት ያልበቃቸው ኢንጂነርም አናደዱኝ። ከእሳቸው ይልቅ ግን ያቺ በር ላይ የቆመች ጨዋ ልጅ አናደደችኝ። ካርታው አልቀላም አለ፣ ኢንጂነሩ አልፈርምም አሉ፣ ማኅተሙ አላርፍም አለ፣ ደብዳቤው አልሄድም አለ፣ መሰላሉ አልነቃነቅም አለ፣ ጋሽ ቱፋ አልንጠላጠልም አሉ፣ ሳጥኑ አልጠጋም አለ፣ ስልኩ አላሳይም አለ፤ ትርንጎም ልጇን አላየች። እኔስ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ላፕቶፔን ይዤ ሦስቱን ፎቅ ወጣሁ።

በሩን አንኳኳሁና ገባሁ። ትርንጎ ላፕቶፑን አየች፣ ፊቴን አየች፤ በክርኗ ልትነሳ ስትል ገመዱ መልሶ ጎተታት።

«ዶክተር ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ልጄ ሞተ?»

«አልሞተም፤ ደህና ነው። ደህና ነው፣ እናቴ። ክፍሉን ልለካ ነው የመጣሁት።»

«ክፍሉን?»

«ዋይፋዩን።»

ትራሱ ላይ ተመልሳ ወደቀች። «አምስት ቀን ሙሉ የት ነበራችሁ?» አለች። ራስጌዋ ቆሜ ተጫንኩ፤ ቀይ። ግርጌዋ ቆሜ ተጫንኩ፤ ቀይ። መስኮቱ ጋ፤ ቀይ።

አዲሱን ካርታ አትሜ ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ ከአሮጌው ጎን አኖርኩት። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ።

«ምን ተፈጠረ?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፍቼው ነበር።

«ገባኝ» አሉ ራሳቸው። «አልጋዎቹ ናቸው። ክብደት የሚሰቀልባቸው የብረት አልጋዎች አስገብተው ይሆናል። ያ ሁሉ ብረት ሞገዱን ይውጠዋል። አይደል?»

«አዎ» አልኩ።

ዘጠኝ ዓመት የያዝኳት ያቺን «አዎ» ነው።

ከዚያማ ማን ይቀድመዋል። ካርታው ሲቀላ ኢንጂነሩ ፈረሙ፤ ኢንጂነሩ ሲፈርሙ ማኅተሙ አረፈ፤ ማኅተሙ ሲያርፍ ደብዳቤው ሄደ፤ ደብዳቤው ሲሄድ መሰላሉ ተነቃነቀ፤ መሰላሉ ሲነቃነቅ ጋሽ ቱፋ ተንጠላጠሉ፤ ጋሽ ቱፋ ሲንጠላጠሉ ሳጥኑ ተጠጋ፤ ሳጥኑ ሲጠጋ ስልኩ አሳየ፤ ስልኩ ሲያሳይ ትርንጎ ልጇን አየች። ሁሉም ተደምሮ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ።

ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ፊቷ ድረስ አስጠጋችው። ልጁ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ጊዜ አፉን ከፍቶ አዛጋ።

«ካልሲውን ማነው ያወለቀበት?» አለች ድንገት። «እህት፣ ካልሲውን አድርጊለት እንጂ። ምነው፣ እናት የለውም እንዴ?»

የምድር ቤቷ ነርስ እየሳቀች ካልሲውን ፈለገች። ሲስተር ሐያት ወደ መስኮቱ ዞረች። ማታ ጠርሙሱ ግማሽ እንዳለፈ እሷው ነገረችኝ።

ከክፍሉ ስወጣ ሲስተር ሐያት ኮሪደሩ ላይ ተከተለችኝ።

«ኢንጂነሩ አልጋው ነው አሉ ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

ቀና ብዬ አዲስ የተሰቀለውን ሳጥን አየሁ።

«እኔ እዚህ ፎቅ አምስት ዓመቴ ነው። አልጋዎቹን ስመጣ አግኝቻቸዋለሁ።»

አየችኝ። ልትቆጣኝ ይገባት ነበር፤ ነገር ትወዳለች የተባለችው እሷ ናት። ትከሻዬን ነካ አድርጋ «ለማንኛውም ተባረኪ» ብላኝ ተመለሰች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት፣ ቢሮው ሳይከፈት፣ ካርታውን ዘርግቼ ከኮሪደር ሆኜ የቀባኋቸውን ክፍሎች በሙሉ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ነበሩ። ላፕቶፔን ይዤ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁና አራት ቁጥርን አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለ የአዛውንት ድምፅ።

ከፍቼ አንገቴን አስገባሁ። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተኝተዋል።

«ማንን ልትጠይቂ ነው፣ ልጄ?»

«ማንንም አይደለም፣ አባባ። ክፍሉን ልለካ ነው።»

«ያው ከገባሽ አይቀር እኔንም ጠይቂኝ» አሉ። «ሦስት ቀን ማንም አልመጣም።»

ላፕቶፑን መስኮቱ ላይ አኖርኩና ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።