የባለቤቱ ጉሮሮ

አንድ ተጠራጣሪ መርማሪ ነበረ። ተጠራጣሪ ስላችሁ እንዲሁ እንዳይመስላችሁ፤ ጥላው ሲከተለው ዞር ብሎ «መታወቂያህን» የሚል ሰው ነው። ሥራው የሙያ ማሰልጠኛዎችን እየዞረ መፈተሽ ነበር። ደንቡን ያሟላ ፈቃዱ ይታደስለታል፤ ያላሟላ ይዘጋል።

አንድ ቀን የጸጉር አስተካካዮች ማሰልጠኛ ሊፈትሽ ሄደ። ባለቤቱ አቶ ንጋቱ ከበሩ ጎንበስ ብሎ ተቀበለው። ውስጡ ያብለጨልጫል። መስታወቱ ከመወልወሉ ብዛት ዝንብ ልታርፍበት መጥታ በመልኳ አፍራ ተመለሰች። ፎጣው የጥምቀት ነጠላ ይመስላል፣ መቀሱ በመደዳ፣ ሰነዱ በመደዳ። ከዚህ በፊት የመጡት መርማሪዎች ፎጣውንም መቀሱንም ቆጥረው፣ «እንከን የለውም» ብለው ፈርመው፣ ጺማቸውን እንዳንጠለጠሉ ሄደዋል።

ይኼኛው ግን አንገቱን ወደ ወለሉ ደፋ። የጸጉር ማሰልጠኛ ሆኖ አንዲት ዘለላ ጸጉር የለም።

አቶ ንጋቱ ጎበዝ ያለውን ሰልጣኝ ጠራ። ፈለቀ ይባላል፤ የልጆች አባት ነው። የእርሻ በሬውን ሸጦ ገብቶ፣ ሰርተፍኬቱን እንደተቀበለ ሱቅ ሊከፍት ቀን እየጠበቀ ነበር። ባለቤቱ የፈለቀን እጅ አመስግኖ አልጠግብ አለ። መርማሪው ሁሉንም ሰምቶ፣ እግረ መንገዱን የሚጠይቅ መስሎ፣ አቶ ንጋቱን ዛሬ ማን እንደላጨው ጠየቀው። አቶ ንጋቱም ሳያስበው ከወንዝ ማዶ ያለው ጸጉር አስተካካይ መሆኑን ተናገረ።

«እንግዲያው ይቀመጡ» አለ መርማሪው። «ከጉሮሮዎ ሥር ጥቂት ቀርቷል። ፈለቀ ያንሳልዎ።»

«ኧረ ጌታዬ፣ እንግዳ ቆሞ እኔ ልቀመጥ? እርስዎ ይቅደሙ።»

«ሰርተፍኬቱ ላይ የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት። የእኔ ጉሮሮ ምን አገባው?»

አቶ ንጋቱ ተቀመጠ። ጨርቁ ታሰረ፣ ሳሙናው ተቀባ። ፈለቀ ምላጩን እንደ ማረሻ እርፍ ጨብጦ አነሳ። ባለቤቱ በአረፋው ውስጥ ሆኖ፣ በምላጩ ጀርባ ዝም ብሎ እንዲያስመስል፣ መርማሪው እንደማይገባው በሹክሹክታ ነገረው። ፈለቀ በትሕትና ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ ጀርባው የትኛው ነው?»

አቶ ንጋቱ ከወንበሩ ሲነሳ በሩን አልከፈተውም፤ ይዞት ሄደ። አረፋው ሳይደርቅ ወንዙን ተሻግሯል ይባላል። ማዶ ያሉ ሰዎችማ ሽበታም መነኩሴ መስሏቸው ሊባረኩ ተሰለፉ።

ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ መርማሪው እዚያው ተቀምጦ ነበር። ሰነድ አላገላበጠም። ፈቃዱ የሚታደሰው አቶ ንጋቱ በእያንዳንዱ ሰልጣኝ እጅ ሲላጭ እንደሆነ፣ እስከዚያው ፈለቀ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚማር ነግሮት ወጣ።

በማግስቱ ከገበያው ፊኛ ጠፋ። ጀማሪ የሚለማመደው ሳሙና በተቀባ ፊኛ ላይ ነውና። ከተማው በፍንዳታ ሲደነግጥ ከረመ፤ ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ። ውሎ አድሮ ፍንዳታው እየሳሳ ሄዶ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አቶ ንጋቱ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ፈለቀም ላጨው። ወለሉ ላይ ጸጉር ወደቀ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ፎጣ የሚቆጥር ጥርጣሬ የሚያገኘው ፎጣ ብቻ ነው። ብልህ ፈታሽ ወረቀቱን ካየ በኋላ፣ የፈረመው ሰው በፈረመለት እጅ ሥር ይቀመጥ እንደሆነ ይጠይቃል።

እናንተስ? ፊርማችሁ ላረፈበት ምላጭ ጉሮሯችሁን ትሰጣላችሁ?